ሴራ ስንኝ አይሞላም፦ ስለ ተረሱ የፈጠራ ሰዎች ግጥም ለተጻፈው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ ስለ ተረሱ የፈጠራ ሰዎችና ከተለመደው መንገድ ስለ ወጣ የንጹሕ ኃይል ሳይንስ ግጥም መጻፍ ለሚሹ አምስት ምክር ይሰጣል። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ቁጥርና የማሽን ዕቃ ግጥም ስለሚገድሉ ይቅሩ፤ የነዚህን ሰዎች ሥራ ያጠፉት ነዳጅ ሻጮች ናቸውና የግጥሙ ወርቅ ይኸው ይሁን፤ መኪናውን በውሃ ነድቷል የሚባለው ስታንሊ ሜየርና መሰሎቹ ከጀግኖቹ ተርታ ይሰለፉ፤ የፈጠራ ሰው እንደ ጻድቅ ይወደስ፤ ገጣሚው ሳይንሱን ባያውቅም ግድ የለም፣ ሰምና ወርቁ ይሸፍንለታል። ጸሐፊው ርእሱን ማንሳታቸው ደግ አድርገዋል። ምክራቸው ግን የተረሳውን ሰው መልሶ የሚያስረሳ ነው። ተራ በተራ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቁጥር ግጥም ይገድላል» የሚለውን በአንድ ሰው ሥራ እንፈትነው። ፍራንክ ሹማን የፊላደልፊያ ሰው ነው። በውስጡ ሽቦ የተቀበረበት፣ ሲሰበር የማይበታተን መስታወት ሠርቶ ገንዘብ ካገኘ በኋላ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ። በ1912 እና በ1913 ከካይሮ በስተደቡብ በምትገኘው ማዓዲ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ተከለ። ዕቃው እንዲህ ነበር፦ እያንዳንዳቸው 62 ሜትር ገደማ የሚረዝሙና 4 ሜትር ገደማ የሚሰፉ አምስት ገንዳ መሰል መስታወቶች የፀሐይን ጮራ ከመካከላቸው በተዘረጋ ቧንቧ ላይ ይሰበስባሉ። በቧንቧው ያለው ውሃ ይተንና እንፋሎቱ በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ ሞተር ያዞራል። ሞተሩ 55 የፈረስ ጉልበት ያህል ሰጥቶ ከዓባይ በደቂቃ 22,000 ሊትር ገደማ ውሃ ለጥጥ ማሳ ያወጣ ነበር። ከዚያ ውሃ አብዛኛው፣ በተለይ በጎርፉ ወራት፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ መሆኑን አማርኛ አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል። ገጣሚው እዚህ ላይ ድልድይ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ተሠርቶ ይጠብቀዋል።

አሁን ቁጥሩን እንጠቀምበት። 62 በ4፣ ሲባዛ በ5፣ 1,240 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጥርት ባለ ቀን ቀትር ላይ አንድ ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ዋት ያህል ይቀበላል፤ ስለዚህ መስታወቱ ላይ የሚያርፈው 1,240 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። 55 የፈረስ ጉልበት ደግሞ 41 ኪሎ ዋት ነው። ከመቶው ሦስቱ ብቻ ሥራ ሆነ ማለት ነው። ዘጠና ሰባቱ የት ገባ? ጥቂቱ ከመስታወቱ ተንጸባርቆ ባከነ፣ ጥቂቱ ከቧንቧው ገላ ወደ ነፋሱ ሾለከ፣ የሚበዛው ግን እንፋሎቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ስለሚሠራ ለሞተሩ ሳይገዛ አለፈ። ለግጥም ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ከየት ይመጣል? ቁጥሩን የሚፈራ ገጣሚ ያመለጠው ይህ ነው።

በስንኝ ሲገባም ቁጥር እንደ ማንኛውም ቃል ነው፦

ሃምሳ አምስት ፈረሶች ዓባይ ዳር ያልጋጡ፤
ፀሐይ ብቻ በልተው ውሃ የሚያወጡ።

ምጣኔው የወል ቤት ነው፤ 6 ቀለም፣ ትንፋሽ፣ 6 ቀለም። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚስተው ፊደል ይቆጥራል። የሚቆጠረው ግን ድምፅ ነው። «ሃምሳ አምስት» ሲነበብ ሁለቱ አናባቢዎች ተዋውጠው ሦስት ቀለም ብቻ ይቀራል፤ «ፈረሶች» ሦስት ይጨምርና ስድስት ይሞላል። ቁጥሩ በአኃዝ ሳይሆን በቃል ይጻፍ፤ አንባቢ አኃዝ ሲያይ ይቆማል፣ ምቱም አብሮ ይቆማል። ደግሞ በአንድ ግጥም አንድ ቁጥር ይበቃል። 62 ሜትሩ፣ 22,000 ሊትሩ፣ 41 ኪሎ ዋቱ ገጣሚው የሚያውቃቸው ግን የማይናገራቸው ሆነው ከኋላ ይቆማሉ።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ እምብርት ነው፤ ጥፋቱም እዚያው ነው። ጸሐፊው ለአርአያ ያቀረቡት ስንኝ ይህ ነው፦

የፀሐይን ጉልበት ሰው ሊጠቀም ቢሻ፤
ነዳጅ ሻጭ ቀበረው እስከ መጨረሻ።

ቤቱ መቷል፣ ምጣኔውም ሙሉ ነው። ግን ይህ ግጥም ስለ ማን ነው? ስለ ሹማን ነው ቢሉ ያስኬዳል፣ ስለ ሌላ ሰው ነው ቢሉም ያስኬዳል፤ ስለ ነፋስ ነው ቢባል እንኳ «ፀሐይ» የሚለውን ቀይሮ መቀጠል ነው። በውስጡ አንድ ዕቃ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን የለም። ሰውየውን ለማስታወስ የተጻፈ ግጥም ሰውየውን ካላስገባ መርሳቱ ቀጥሏል።

በማዓዲ የሆነው ይህ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ቧንቧዎቹ ከዚንክ የተሠሩ ነበሩ። መስታወቱ ጮራውን ከታሰበው በላይ አሳምሮ ሰበሰበና ዚንኩ ላልቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። በብረት ቧንቧ ተተክቶ እንደገና እስኪሠራ ጊዜ ወሰደ፤ ሥራው ለታዳሚ የቀረበው በ1913 ነው። በ1914 የዓለም ጦርነት ተነሣ፣ መሐንዲሶቹ ተበተኑ፣ ብረቱ ለሌላ ሥራ ተነቀለ። ሹማን በ1918 ጦርነቱ ሳያልቅ ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ ርካሽ ነዳጅ ዘይት ሲመጣ የድንጋይ ከሰልን ውድነት መነሻው ያደረገው የግብፅ ዕቅድ መሠረቱን አጣ። ሴራ ፈላጊው የሚያልፈው ያን የላላ ቧንቧ ነው፤ ግጥሙ ያለውም እዚያው ነው፦

ውሃው ሳይፈላለት ፀሐይ ቀደመበት፤
የዚንክ ቧንቧው ላልቶ ተንጠለጠለበት።

ሰውየው የተሸነፈው መስታወቱ ስላልሠራ አይደለም፤ ከሚገባው በላይ ስለ ሠራ ነው። ይህን ምጸት ማንም ሴረኛ ሊፈጥረው አይችልም። («የዚንክ ቧንቧው ላልቶ» በጽሑፍ 11 ፊደል፣ በድምፅ 6 ቀለም ነው። የውጭ ቃል ምት ያፈርሳል የሚሉ ሰዎች ይህን ቆጥረው ይዩት።)

ሁለተኛው ምስክር ፈረንሳዊው ኦጉስተን ሙሾ ነው። የሒሳብ መምህር ነበር፤ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የፀሐይ ማፍያዎችን ሠራ፤ በ1878 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ በትልቅ የፀሐይ መስታወቱ በረዶ አምርቶ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። በሙቀት በረዶ መሥራት ተአምር የሚመስለው ስልቱን ለማያውቅ ነው። ሙቀቱ አሞኒያን ከውሃ ለይቶ ያስወጣዋል፤ አሞኒያው ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፤ መልሶ ሲተን አጠገቡ ካለው ውሃ ሙቀት ስለሚነጥቅ ውሃው ይረጋል። የሚሽከረከር ሞተር እንኳ አያስፈልገውም። ከዚያ ምን ሆነ? የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል በንግድ ውል ምክንያት ወደ ፈረንሳይ በርካሽ ገባ፣ መንግሥትም የፀሐይ ማሽኑ አያዋጣም ብሎ ድጋፉን አቆመ። ሙሾ በ1912 በፓሪስ በድህነት አረፈ።

ስሙ ለአማርኛ ገጣሚ የተዘጋጀ ኅብር ነው፤ እንዳይታለፍ፣ እንዳይደጋገምም፦

ፀሐይ በመስታወት በረዶ ወለደ፤
ከሰል ሲረክስ ነው ሙሾ የወረደ።

ሰሙ ለቅሶ ነው፣ ሙሾ ወረደ። ወርቁ ሰውየው ነው፤ ከሜዳሊያው ሰገነት የወረደበት ምክንያትም ከፊቱ ተቀምጧል። ይህን ኅብር በአንድ ግጥም ሁለት ጊዜ የተጠቀመ ገጣሚ ወደ ቀልድ ያዞረዋል፤ አንዴ ይበቃል፣ እሱም መዝጊያው ላይ።

አንድ ነገር ለጸሐፊው መልቀቅ ይገባል። ነዳጁ አሸንፏል፣ ያሸነፈበት ገበያም ንጹሕ አልነበረም፤ ውል፣ ቀረጥና ጦርነት አጅበውታል። ግን ዋጋ ሌላ፣ አፈና ሌላ ነው። በዋጋ የተሸነፈ ነገር ዋጋው ሲለወጥ ይመለሳል። ገንዳ መሰሎቹ መስታወቶችም ከ1980ዎቹ ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ ተተክለው ኤሌክትሪክ አመንጭተዋል። «እስከ መጨረሻ ቀበረው» የሚለው ስንኝ በሐቅም ውሸት ነው።

ሦስተኛው ምክር፣ ሜየርንና መሰሎቹን ማወደስ፣ ከሁሉም ያስቸግራል። ስታንሊ ሜየር የኦሃዮ ሰው ነው፤ መኪናው ቤንዚን ሳይሆን ውሃ እንደሚጠጣ ተናገረ። ገንዘባቸውን የሰጡ ሁለት ሰዎች ከሰሱት፤ ባለሙያዎች ዕቃውን መርምረው ከተለመደው ኤሌክትሮሊሲስ (ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ከመለየት) የተለየ ነገር እንዳላገኙበት መሰከሩ፤ በ1996 ፍርድ ቤቱ ከባድ ማጭበርበር ነው ብሎ 25,000 ዶላራቸውን እንዲመልስ ወሰነ። በ1998 ሲሞት «ተመረዘ» ተባለ፤ የሬሳ መርማሪው ግን በአንጎሉ ያለ የደም ሥር መፈንዳቱን መዘገበ።

ፍርዱን ትተን በሒሳቡ ብቻ እንሂድ። ውሃ የሃይድሮጂን አመድ ነው፤ አንዴ ነዷል። አንድ ኪሎ ውሃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ለመለየት ቢያንስ 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ጋዙ ተመልሶ ሲነድ የሚሰጠው ያንኑ 4.4 ነው፤ አንድም አይጨምርም። አሁን ዕቃ እናስገባ። መለያው 70 በመቶ ብቃት አለው እንበል፤ 6.3 ኪሎ ዋት ሰዓት መክተት ግድ ነው። የመኪና ሞተር 30 በመቶ ቢመልስ 1.3 ይቀራል። ይህንን መልሶ ኤሌክትሪክ የሚያደርገው ዲናሞ 60 በመቶ ቢሆን 0.8 ይገኛል። 6.3 ገብቶ 0.8 ወጣ፤ መኪናው ገና አንድ ሜትር አልተንቀሳቀሰም። ሃይድሮጂን ራሱ ጥሩ ነገር ነው፣ ከነፋስና ከፀሐይ በተገኘ ኤሌክትሪክ ሲመረት ንጹሕ ነዳጅ ይሆናል። ውሃ ግን ነዳጅ አይደለም።

ጆን ኪሊም እንዲሁ ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ በፊላደልፊያ «ኤተር» (በየቦታው ሞልቷል ይባል የነበረ ረቂቅ ነገር) የሚያንቀሳቅሰው ሞተር አለኝ እያለ ከባለ አክሲዮኖች ገንዘብ ሰበሰበ። በ1898 ከሞተ በኋላ ቤቱ ሲመረመር ከሥር ትልቅ የብረት ሉልና ቧንቧዎች ተገኙ፤ መርማሪዎቹም ኃይሉ የታመቀ አየር ነበር አሉ። ስለ ኪሊ ግጥም አይጻፍ አይባልም፤ እንዲያውም ግሩም ጉዳይ ነው። ግን ሙሾ አይስማማውም፤ ሽሙጥ ነው የሚስማማው። ቅርጹን የሚወስነው ሐቁ ነው፦ ለሹማን ትካዜ፣ ለኪሊ ሽሙጥ። ሁለቱን በአንድ ቀረርቶ ማስገባት ሌባውን ከተሰረቀው ጋር ማሰለፍ ነው። በ1989 ከዩታ ዩኒቨርሲቲ ቀዝቃዛ ውህደት (ያለ ኃይለኛ ሙቀት የአቶም አስኳሎችን ማዋሃድ) አገኘን ያሉት ፍላይሽማንና ፖንስ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ናቸው፤ የተናገሩትን ሌሎች ቤተ ሙከራዎች መድገም አልቻሉም። ለነሱ የሚሆነው ግጥም በችኮላ ስለተሰጠ መግለጫ የሚናገር ይሆናል።

አራተኛውን በአጭሩ። «እንደ ጻድቅ ይወደሱ» ለሚለው አንድ ስም ይበቃል። ጆርጅ ክሎድ የኒዮን መብራት አባት ነው፤ በ1930 በኩባ ማታንዛስ ወሽመጥ ከላይኛው ሞቃት ውሃና ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ልዩነት ኤሌክትሪክ አወጣ። ቀዝቃዛውን የሚያመጣው ቧንቧ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር፤ ከመሳካቱ በፊት ባሕሩ ቧንቧ በልቶበታል። 22 ኪሎ ዋት አመነጨ፤ ፓምፖቹ ግን ከዚያ በላይ ይፈጁ ነበር። ለምን ይህን ያህል ደከመ? ላዩ 25፣ ጥልቁ 5 ዲግሪ ቢሆን ከሙቀቱ ወደ ሥራ ሊቀየር የሚችለው፣ በሐሳብ ደረጃ እንኳ፣ ከመቶ 7 አይሞላም። ይህ ሁሉ ያስወድሰዋል። ይኸው ሰው በ1945 ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበር ተፈርዶበት ታስሯል። ስለ ማታንዛስ ጽፎ ስለ 1945 ዝም የሚል ግጥም የሚጽፍ ሰው መብቱ ነው፤ ጻድቅ ብሎ የሚጽፍ ግን አንባቢው በአንድ ፍለጋ ያጋልጠዋል።

አምስተኛው፣ «ሰምና ወርቁ ይሸፍንለታል»፣ የቅኔን ሥራ በግልባጩ ያየ ነው። አንጥረኛ ሰሙን በሸክላ ሸፍኖ አቅልጦ ሲያፈስሰው ወርቁ የሚይዘው ሰሙ የተወውን ቅርጽ ነው፤ ሰሙ ከተጣመመ ወርቁም ተጣሞ ይወጣል። በቅኔም ሰሙ በራሱ እውነት መሆን አለበት። ስለ ማሽን የሚገጥም ሰው ሰሙ ማሽኑ ነውና ማሽኑን ማወቅ ግዴታው ነው።

ለዚህ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ስንኝ ከመጀመር በፊት አንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ የት ተሰበረ፣ ማን ከፈለ። የፈረስ ጉልበትን በ0.746 ማባዛት ኪሎ ዋት ይሰጣል። ውሃ አወጣ የተባለ ማሽን ከሆነ በሰከንድ የሚወጣው ሊትር በ9.8፣ ከዚያ በሜትር ከፍታው ይባዛና ለ1,000 ይካፈላል። የማዓዲው 22,000 ሊትር በደቂቃ በሰከንድ 367 ሊትር ነው፤ 5 ሜትር ከፍ ቢል 18 ኪሎ ዋት ይጠይቃል። ሞተሩ 41 አለው፤ ስለዚህ ወሬው ያስኬዳል። የሜየር ወሬ በዚሁ ሚዛን ላይ ነው የወደቀው። አራቱ ጥያቄዎች ካልሞሉ ግጥሙ ይቆይ፤ ከሁሉም በላይ «የት ተሰበረ» ባዶ ከሆነ ገጣሚው ክፍተቱን በሴራ መሙላቱ አይቀርም።

ማሽኑን ማወቅ ለወርቁ ምን እንደሚጨምር ለማየት ማሪያ ቴልከስን እንውሰድ። በሃንጋሪ የተወለደች የኬሚስትሪ ሰው ናት፤ በ1948 በማሳቹሴትስ ዶቨር በተሠራው ቤት የማሞቂያውን ሥርዓት የነደፈችው እሷ ናት። አርክቴክቷ ኤሊኖር ሬይመንድ፣ ገንዘብ ያወጣችው አሚሊያ ፒቦዲ ነበሩ። ፀሐይ ያሞቀችውን አየር ማራገቢያ እየገፋ 21 ቶን ገደማ የግላውበር ጨው ወደ ያዙ ዕቃዎች ይወስደዋል። ጨው ሲባል የወጥ ጨው አይደለም፤ በውስጡ ውሃ የያዘ ሶዲየም ሰልፌት ነው። በ32 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ በኪሎ 250 ኪሎ ጁል ገደማ ይውጣል፣ ማታ ሲረጋ ያንኑ ለክፍሎቹ ይመልሳል። አንድ ኪሎ ውሃ 10 ዲግሪ ቢሞቅ የሚይዘው 42 ብቻ ነው። 21 ቶኑ ሁሉ ቢቀልጥ 1,450 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያድራል።

የተሰበረውም እዚያው ጨው ውስጥ ነው። ሲቀልጥ ሶዲየም ሰልፌቱ ሁሉ በራሱ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ የተረፈው ይከብድና ከታች ይተኛል፤ ውሃማው ከላይ ይንሳፈፋል። ሲበርድ ሁለቱ እንደ ቀድሞው አይገናኙም፤ በቀለጠና በረጋ ቁጥር የሚይዘው ሙቀት ይቀንሳል። አንዳንዴም ከ32 ወርዶ ሳይረጋ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። በዚያ ላይ የብረት ዕቃዎቹ ዝገው አፈሰሱ። በሦስተኛው ክረምት ቤቱ በረደ። መላው በኋላ ታወቀ፦ ለመርጊያ መነሻ ጥቂት ቦራክስ፣ ደለሉ እንዳይተኛ ማወፈሪያ፣ ጥልቅ በርሜል ሳይሆን ሥሥ ዕቃ።

ጨው ቀልጦ ሙቀቱን ይዞ ቤት አደረ፤
በሦስተኛ ክረምት ተለያይቶ ቀረ።

ኬሚስትሪውን የማያውቅ «በሦስተኛ ክረምት ወጥቶ ጠፍቶ ቀረ» ብሎ ያልፍ ነበር፤ ምቱ አይጎድልም። «ተለያይቶ» የሚለው ግን በሰሙ ትክክለኛው የብልሽት ስም ነው፤ በወርቁ ደግሞ ሦስት ክረምት አንድ ጣሪያ ሥር ስላደሩና ስለተለያዩ ሁለት ሰዎች ይናገራል። ይህን ስንኝ የጻፈው ደለሉ ነው ማለት ይቻላል።

የቀረ አንድ ነገር አለ። ጽሑፉ ከተረሱት መካከል ኒኮላ ቴስላን ይቆጥራል። የማግኔት መስክ መለኪያ በስሙ የሚጠራ፣ መኪና በስሙ የሚሸጥ ሰው አልተረሳም። ቦታው ለቻርልስ ፍሪትስ ቢለቀቅ ይሻላል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ሴሊኒየምን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በሣሣ ወርቅ ሸፍኖ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የፀሐይ ሕዋስ ሠራ። ብቃቱ ከመቶ 1 ገደማ ነበር፤ በ1954 ቤል ላቦራቶሪ በሲሊከን ወደ 6 አደረሰው። የፍሪትስ ወረቀት ላይ አራቱም ጥያቄዎች በቀላሉ ይሞላሉ፤ ወርቁንም ገጣሚው ከሌላ ቦታ ማምጣት አይኖርበትም።